የት እንዳለች እናውቃለን

የዛሬው ጨዋታችን በአንድ ሽመላ የስልክ ሂሳብ ይጀመር። በ2017 (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የፖላንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ካይቴክ ብሎ በሰየመው ሽመላ ጀርባ ላይ የመከታተያ መሣሪያ አሰረ። ካይቴክ እንደ አባት እናቱ ብርዱን ሽሽት ወደ ደቡብ ገሰገሰ። ሱዳን ገባ፤ በእኛው አባይ ሸለቆ ሲመላለስ ቆየና ወሬው ጠፋ። በ2018 ለድርጅቱ የመጣው ሽመላው ሳይሆን የስልክ ሂሳብ ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ይረዳና ወሬውን በሞባይል ኔትወርክ ስለሚልክ በሆዱ ሲም ካርድ ይዟል። እዚያ ሱዳን አንድ ሰው መሣሪያውን አግኝቶ፣ ሲሙን አውጥቶ፣ በራሱ ስልክ ከትቶ ሃያ ሰዓት ያህል አውርቶበታል። ሂሳቡ ከ10 ሺህ ዝሎቲ በላይ፣ በዶላር 2,700 ገደማ ሆነ።

ወሬው በዓለም ዞረ፤ ያነበበ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ሃያ ሰዓት ሙሉ ከማን ጋር ይሆን የተወራው? እጮኛ ናት? ወይስ ብድር ያልመለሰ ዘመድ? ሳቁ ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። የሂሳቡ ልክ ታወቀ፣ የተወራበት ሰዓት ታወቀ። የሽመላው መጨረሻ ግን አልታወቀም። ከፖላንድ እስከ ሱዳን በየዕለቱ የት እንዳደረ ሲመዘገብለት የኖረ ፍጡር፣ ለሕይወቱ በሚያሰጋው ሰዓት ከመዝገቡ ወጣ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው፤ አንድን ፍጡር የት እንዳለ ማወቅ ምን ያስገድደናል? ማወቅና መጠበቅ አንድ ናቸው? ወይስ ማወቃችን የመጠበቅን ቦታ ቀምቶ «ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» የሚያሰኝ ማደንዘዣ ሆኗል?

ጥንት ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ምክንያቱም የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ወፎች በብርድ ወራት ከአውሮፓ ሰማይ ሲጠፉ የት እንደሚገቡ ሊቃውንቱም አያውቁም። ታላቁ አርስቶትል ሳይቀር አንዳንዶቹ ጉድጓድ ገብተው ይተኛሉ ብሎ ጽፏል። እንቆቅልሹን ከፈቱት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በ1822 ነው። ክሉትስ በምትባል የሰሜን ጀርመን ቀበሌ አንድ ሽመላ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ፣ አንገቱ ላይ የተሰካ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የአፍሪካ ጦር ተገኘበት። ወፉ እስከ ዛሬ ደርቆ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። እስቲ አስቡት፤ አፍሪካ ውስጥ ጦር ተወርውሮበታል፤ ጦሩን አንገቱ ላይ እንደተሸከመ በረሃና ባሕር አቋርጦ ቀዬው ገብቷል፤ ቀዬው ሲደርስ ደግሞ በጥይት ጣሉት። የመጀመሪያው መከታተያ መሣሪያ ጦር ነበር ማለት ነው። እውቀቱም የተነበበው ከሬሳ ላይ ነው።

ዛሬ ጦሩ በግራም ወደሚመዘን ዕቃ ተለውጧል። በወፉ ጀርባ ላይ በማሰሪያ ይጠለቃል፤ በፀሐይ ኃይል ይሞላል፤ ያለበትን ለሳተላይት ይናገራል። የባለሙያዎቹ የተለመደ ደንብ ክብደቱ ከወፉ ክብደት መቶ እጅ ሦስት ያህሉን እንዳያልፍ ነው። ለስልሳ ኪሎ ሰው ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሻንጣ እንደማለት ነው፤ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሲተኙም ሲበሩም አይወርድም። ይህ ሸክም ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ አንዳንዱን ወፍ እንደሚጎዳ ያጠኑትና የጻፉት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው፤ ለሐቀኝነታቸው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ደግሞም ያሳዩን ነገር ተአምር ነው። በ2022 የአምስት ወር ዕድሜ ያላት አንዲት የውሃ ዳር ወፍ ከአላስካ ተነስታ፣ ሳታርፍና ሳትበላ፣ በ11 ቀን 13,560 ኪሎ ሜትር በርራ ታዝማኒያ ገብታለች። እኛ ከመገናኛ ሜክሲኮ ለመድረስ በታክሲ ሰልፍ የምናማርር ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም ብንል ይሻለናል።

እኔን የያዘኝ ታሪክ ግን የሌላ ወፍ ነው፤ ከፊሉ በእኛው ደጅ የሆነ።

ጋጋኖን የደጋ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ጠዋት ጠዋት ሰፈር ሙሉ እየጮኸች የምትነሳ፣ ረዥም ቆልማማ መንቆሯን ጨፌው ውስጥ እየሰካች ትል የምትለቅም ወፍ ናት። የሷ ዘመድ የሆነች፣ ጥቁር፣ ላባዋ በፀሐይ አረንጓዴና ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ፣ ፊቷና አናቷ ግን ላባ የሌለው ሌላ ወፍ አለች። የፈረንጅ ስሟን ብንተረጉመው «የሰሜን መላጣ ጋጋኖ» ይሆናል፤ መላጣ ጋጋኖ እያልን እንቀጥል። የጥንት ግብፆች የከበረችውን የሙታን መንፈስ ለመጻፍ የሳሉት የዚህችን ወፍ ምስል ነው። ቱርክ ውስጥ ቢሬጂክ በምትባል ከተማ ደግሞ ሕዝቡ የሐጅ ተጓዦችን መንገድ ትመራለች ብሎ ያከብራት፣ በጸደይ ስትመለስ በዓል ያደርግላት ነበር። ከዚያ የተባይ መድኃኒት መጣ፤ ቁጥሯ አሽቆለቆለ፤ በ1989 የቢሬጂክ የዱር መንጋ አከተመ።

ሶርያ ውስጥማ ከሰባ ዓመት በፊት ጠፍታለች ተብሎ ተዘግቶ ነበር። በ2002 ፓልሚራ አጠገብ፣ በበረሃው ገደል ላይ ሰባት መላጣ ጋጋኖዎች ተገኙ። «ተገኙ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ አንብቡልኝ፤ ለተመራማሪዎቹ ፍንጩን የሰጧቸው የአካባቢው ዘላኖችና አዳኞች ናቸውና። ለእነሱ ወፎቹ ጠፍተው አያውቁም።

ሰባቱ ወፎች ጎጆ ሠርተው፣ ጫጩት አሳድገው፣ ሐምሌ ላይ ይሰወራሉ። የት? በ2006 በሦስቱ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታሰረላቸው። ሱልጣን፣ ሰላምና ዜኖቢያ የሚል ስምም ወጣላቸው፤ የመጨረሻዋ ስሟን ያገኘችው ሮምን ከተገዳደረችው ከፓልሚራዋ ንግሥት ነው። ከዚያ በኮምፒውተር ላይ ነጥብ መቆጠር ጀመረ። ነጥቧ በዮርዳኖስ አለፈች፤ ሳዑዲን በምዕራብ ዳርቻዋ ወረደች፤ የመን ደረሰች፤ ቀይ ባሕርን ተሻገረች፤ ኤርትራን አቋርጣ መጥታ የቆመችው የት ይመስላችኋል? በኢትዮጵያ ደጋ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ግጦሽ መሬት! ከዚያው ዓመት ሳይወጡ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ነጥቧን ተከትለው ሄዱና አራት ወፎች በአይናቸው አዩ። (የቦታውን ስም እዚህ አልጽፍም። ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።) ወደ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእኛ ጋር ነበሩ። «ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል» እንላለን፤ ይህች ወፍ ግን የማን አገር ናት? ሶርያዊ ናት ብለን ግማሽ ዕድሜዋን ልናጠፋባት ነው? ለግማሽ ዓመት ጎረቤታችን የነበረችን ነፍስ መኖሯን የነገረን ከሰማይ በላይ የሚዞር ብረት ነው።

በአባቶቻችን የንስሐ ቋንቋ ጥፋት ሁለት ወገን አለው፤ ሳያውቁ በስህተት፣ አውቀው በድፍረት። እስከ 2006 ድረስ ለዚህች ወፍ ያለብን ዕዳ ቢኖር ከመጀመሪያው ወገን ነበር። ነጥቧ እኛ ደጋ ላይ ከቆመች ወዲህ ግን ወገናችን ተለወጠ። የእውቀት ክፋቱ ይሄ ነው፤ አንዴ ከገባ ወዲያ አላየሁም ማለት አይቻልም።

እውቀቱስ ምን አደረገ? ነጥቦቹ ስለ ልጆቿ አስደንጋጭ ነገር ተናገሩ፤ ወጣቶቹ ወፎች በመንገድ፣ በተለይ በአረቢያ ምድር፣ በአዳኝ ጥይትና በኤሌክትሪክ ምሰሶ ያልቃሉ። የሚመለሱት እያነሱ ሄዱ። ከዚያ የሶርያ ጦርነት መጣ። ግንቦት 2015 አይ ኤስ ፓልሚራን ሲይዝ ለማራባት ታስበው በማቆያ የነበሩ ሦስት ወፎች ጠባቂዎቻቸው ሕይወታቸውን ለማዳን ሸሽተው ብቻቸውን ቀሩ። በዚያ ጸደይ ትጠበቅ የነበረችው ዜኖቢያም አልመጣችም። ሊባኖስ ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ያለችበትን ለሚጠቁም 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ አስነገረ።

ለአንዲት ወፍ ይህን ያህል ጭንቀት ምንድነው? ምክንያቱ ቁጥር ብቻ አይደለም። የመላጣ ጋጋኖ ጫጩት መንገዱን የሚማረው አዋቂዎቹን ተከትሎ በመብረር ነው። ዜኖቢያ ከጠፋች ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን ጎዳና የሚያስተምር አይኖርም። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። መንገዱን እኛ እናውቀዋለን! በየትኛው ሸለቆ እንደሚያልፍ፣ በስንት ቀን የመን እንደሚደርስ፣ ሁሉም በኮምፒውተር ተቀምጧል። ግን ኮምፒውተር ከፍታ የምታነብ ጫጩት የለችም። ካርታው ለእኛ ተረፈ፤ መንገዱ ግን ከተጓዧ ጋር ሄደ።

በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደየትውልድ ቀዬአቸው እየሄዱ የለቅሶ ግጥም፣ የሥራ ዘፈን፣ ተረት ይሰበስቡ ነበር። ካሴት ይዘው ይሄዳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አልቃሽ ያስቀርጻሉ፤ ጽሑፉ ይተየባል፤ ይጠረዛል፤ ውጤት ይሰጠዋል፤ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ጥሩ ሥራዎች ነበሩ። ግን ከተማሪዎቹ መካከል ግጥሙን ለቅሶ ቤት ቆሞ ማውረድ የሚችል ስንት ነበር? አልቃሿ ስትሞት ግጥሟ አልጠፋም እንላለን፤ እውነት ነው፤ ተጠርዟል። የአውሮፓዎቹ ይህ ልዩነት ስለገባቸው ይመስለኛል እብድ የሚያሰኝ ሥራ የጀመሩት። ኦስትሪያዊው ዮሃንስ ፍሪትዝና ባልደረቦቹ የመላጣ ጋጋኖ ጫጩቶችን በእጃቸው ያሳድጋሉ፤ ከዚያ ያሳደጓቸው «እናቶች» በትንሽ ሞተር አውሮፕላን ተቀምጠው እየተጣሩ የአልፕስን ተራራ አሻግረው ጣሊያን ያደርሷቸው ነበር። አስቂኝ ነው፤ ውድ ነው፤ አድካሚ ነው። ግን መዝገብን መልሶ መንገድ ማድረግ ማለት ይኸው ነው፤ ከወንበር ተነስቶ አብሮ መብረርን ይጠይቃል።

ቢሬጂክ ሌላ መንገድ መርጣለች። እዚያ በሰው እጅ የተራቡት ወፎች የመሄጃቸው ወቅት ሲደርስ በአጥር ይዘጋባቸዋል። ወደ ደቡብ ቢሄዱ አይመለሱማ! ወፏ በሕይወት አለች፤ ጉዞዋ ግን ተወስዶባታል። ይህን ሳስብ ወንድ ልጇ እንዳይሰደድ ፓስፖርቱን ትራስ ሥር የደበቀች እናት ትመጣብኛለች። ልፈርድባት አልችልም፤ ልስማማም አልችልም።

አንድ የባዮሎጂ ሰው ወዳጄ ይህን ሁሉ ሳወራለት ተቆጣኝ። «ሳታውቅ በምን ትጠብቃለህ? እናንተ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ለቅሶ ትወዳላችሁ» አለኝ። ምሳሌም አመጣ፣ ደግሞ ጠንካራ ምሳሌ ነው። በ2011 ማቺና ጎሸን የሚባሉ፣ መሣሪያ የታሰረላቸው ሁለት የውሃ ዳር ወፎች የአትላንቲክን ማዕበል ጥሰው ካለፉ በኋላ ጓዴሎፕ ደሴት ላይ ለማረፍ ሲወርዱ በአዳኞች ተገደሉ። እንዲህ ያለ አደን ለዘመናት ኖሯል፤ የሞቱት ስም የለሽ ስለነበሩ የጠየቀ አልነበረም። የእነዚህ ሁለቱ ሞት ግን ዓለምን አስቆጣ፤ በዚያ ባሕር ያሉ ደሴቶች የአደን ደንብም እንዲጠብቅ ሰበብ ሆነ። ወዳጄ እውነቱን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ወፎቹን የጠቀመው ነጥቧ በኮምፒውተር ላይ መቆሟ አይደለም፤ ነጥቧ ስትቆም ከወንበሩ ተነስቶ «ማን ገደላት?» ያለ ሰው መኖሩ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ውስጥ «ሁሉን አወቅ ተራኪ» የምንለው አለ። የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ልብ ያያል፣ ነገ የሚሆነውን ያውቃል፣ ማንንም ግን አያድንም። አንዲት ተማሪ በአንድ ወቅት «መምህር፣ ልጅቷ ወንዝ ልትገባ እንደሆነ ካወቀ ለምን ዝም ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀባት። መልሱ ግልጽ ነው፤ ተራኪው በታሪኩ ዓለም ውስጥ የለም፤ ሊዘረጋው የሚችል እጅ የለውም። ያቺን ልጅ አሁን አሁን አስታውሳታለሁ። ሳተላይቱ እኛን በሁሉን አወቅ ተራኪ ወንበር ላይ አስቀምጦናል፤ ከፍ ብለን፣ ንጹሕ ሆነን፣ ነጥብ እያየን። ልዩነቱ እኛ እጅ አለን። ምሰሶው የኛ ነው፤ ጥይቱ የኛ ነው፤ ጦርነቱም የኛ የሰዎቹ ነው። ከታሪኩ ውስጥ ሆነን ከታሪኩ ውጭ ያለን መምሰል፣ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል፣ በኦቦክ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ሊገባ ወጣ፤ ካርታ ብትዘረጉ መላጣ ጋጋኖዎቹ በሚያልፉበት ሰማይ ሥር ማለት ነው፣ አቅጣጫው ብቻ የተገለበጠ። ከኦቦክ ያለበትን ቦታ በስልክ ልኮ ነበር። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ሴት ልጃቸው ትከፍትላቸዋለች። «ጋሼ፣ ይኸውልዎ፣ እዚህ ነው ያለው» ብለው ቀዩዋን ምልክት አሳዩኝ። ምልክቷ ከላካት ሰባት ወር አልፏታል። ምን ይባላል? «ነበር» ማለት ይገባኝ ነበር ልበል? አላልኩም። እኒህ እናት ስለ ልጃቸው ያላቸው መረጃ እናቴ ስለ እኔ በሕይወቷ ሙሉ ከነበራት መረጃ የበለጠ ትክክለኛ ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያለው ነው።

ማወቅ ሌላ መልክም ሊኖረው እንደሚችል ያሳየኝ ከዚያችው ከፓልሚራ ነው። ኻሊድ አል-አስዓድ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል ለከተማዋ ቅርሶች የሰጡ፣ ለአርባ ዓመት ጠባቂዋ የነበሩ ሊቅ ናቸው። አይ ኤስ ሲገባ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ከተማዋን ጥለው አልሄዱም። ያዟቸው። የተሸሸጉት ቅርሶች የት እንዳሉ እንዲናገሩ እንደተጠየቁና እንቢ እንዳሉ ተዘግቧል። ነሐሴ 2015 ገደሏቸው። ዜኖቢያ የት እንዳለች ለሚናገር ሽልማት በተነገረበት በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ባለመመለሳቸው አንገታቸውን ሰጡ። ሁለቱም «የት» ናቸው። የመጀመሪያው «የት» ለማዳን ነው፤ ሁለተኛው ለማጥፋት። ጥያቄው በፊደል አንድ ስለሆነ ማን እንደሚጠይቅ ሳያጣሩ መመለስ አይቻልም። አስተዋይ ተመራማሪዎችም የብርቅ ፍጡር ትክክለኛ አድራሻ አደባባይ ላይ የማያወጡት ለዚህ ነው። እኔም የደጋውን ቦታ ስም ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው፤ ሌላ ቦታ ተጽፎ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ በእኔ እጅ ግን አይጻፍም።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። እዚያ ግጦሽ ላይ ለስንት ዘመን እንደሆነ እንጃ፣ እነዚህ ወፎች በከብት መካከል እየተመላለሱ ትል ሲለቅሙ የነካቸው ያለ አይመስልም። የደጋ ሰው ከቆቅና ከጅግራ በቀር የዱር ወፍ ድስት ውስጥ አይከትም፤ ጋጋኖ ደግሞ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተቆጥራለች። ጥበቃው የመጣው ከፍቅር አይደለም፤ ከልማድና ከግድ የለሽነት ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ግን እውነት እውነቱን እንነጋገር፤ ስማቸውን የማያውቀው፣ አገራቸውን የማያውቀው፣ ሳተላይት የሚባል ነገር ያልሰማው እረኛ ባለበት ሜዳ ወፎቹ በሰላም ከርመው ይመለሱ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ጨፌው ውሃ እንዳቆረ ነበር የሚደርሱት። ያ እረኛ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ፣ ማታ ከብቶቹን አስገብቶ፣ እሳት ዳር ቁጭ እንዳለ ለእናቱ «ዘንድሮ እነዚያ ጥቁሮቹ መላጦች አልመጡም» ብሏት ይሆናል። እሷም ከምጣዱ ቀና ሳትል «ይመጣሉ፣ ገና ነው» ብላው ይሆናል።